ሁለቱ መድኃኒቶች በተለያየ ፌስታል ነበሩ

እማዬ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። የልብ ምት መዛባት እንዳለባት ያወቅነው ያኔ ነው። ልብ እንደሷ ሲመታ ደም ውስጡ ይቋጠርና ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። ስለዚህ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ጀመረች። በየወሩ አይኤንአር፣ ማለትም ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየውን ቁጥር፣ እየተለካች፣ ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 ባለው መሃል እየቆየ፣ ሁለት ዓመት በሰላም ሄድን።

ከዚያ ምቷ እየፈጠነ አላስተኛት አለ። ሌላ ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ የልብ ምት የሚያረጋጋ አሚዮዳሮን አዘዘላት። ፋርማሲስቱ አወሳሰዱን ካርቶኑ ላይ ጽፎ ሰጠኝ። «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ሐኪሙም፣ ፋርማሲስቱም። እስካሁን ያናድደኛል። ግን እኔም አልተናገርኩም። ዋርፋሪኑ ቤት፣ ቡፌ ላይ፣ በሌላ ፌስታል ነበር።

አሚዮዳሮን ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይቀንሰዋል። የምትውጠው ፍሬ ያው ሆኖ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ይበዛል። ይህ ደግሞ በአንድ ቀን አይታይም፤ በሳምንታት እየተጠራቀመ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምቷ ሰከነ፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ተደሰትኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ክንዷ በለዘ። መዳፍ ያህላል። «በሩ መትቶኝ ይሆናል» አለች። በማግስቱ ጠዋት ደጅ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ስትፍቅ የመፋቂያው ጫፍ ቀልቶ አየሁት። «መፋቂያው ጠንክሮብኝ ነው ልጄ» አለችኝ። አመንኳት። ቀጠሮዋ ሳምንት ነበር የቀረው፤ ያኔ እናገራለሁ ብዬ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። እነዚያን ሁለት ቀናት ለራሴ ይቅር አላልኩም።

በሦስተኛው ምሽት ነስር ጀመራት። አልቆም አለ። ነጠላዋ እየራሰ በባጃጅ ከሰፈራችን ከሳቢያን ይዣት ወጣሁ። አይኤንአሯ 8.2 ነበር። የዋርፋሪንን ሥራ የሚያከሽፈው ቫይታሚን ኬ ተሰጥቷት አራት ቀን ተኛች። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ካርቶኑን አገላብጦ አየና «ይሄ ሲጀመር ዋርፋሪኑ በሲሶ ወይም በግማሽ መቀነስ ነበረበት» አለ። ሦስት ሳምንት ዘግይቶ የተነገረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቤት ካለ፣ አዲስ መድኃኒት በገባ ቁጥር የወሩን ቀጠሮ አትጠብቁ። በሳምንት ውስጥ አስለኩ፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ሌላ ቢሆንም። በራሳችሁ ግን አንድም ፍሬ አታቋርጡ። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው ጨርሶ ከልክሉ ሲሉኝ ነበር፤ አልስማማም። እማዬ በየሳምንቱ ያው መጠን ትበላለች፣ ቁጥሯም አይናጋም። ችግር የሚያመጣው አንድ ሳምንት ትቶ በሌላው ማብዛት ነው። አሚዮዳሮን ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ስለሚያደርግ በድሬ ፀሐይ ያለ ጃንጥላ አትወጣም። አዮዲን ስላለውና ጉበትንም ሊጎዳ ስለሚችል ደግሞ በየስድስት ወሩ የእንቅርት ዕጢዋንና የጉበቷን ምርመራ አሠራለሁ።

አሁን ሁሉም በአንድ ፌስታል ነው። ባለፈው ወር ጉልበቷን አሟት ዲክሎፍናክ ልገዛ ሄድኩ። ልጅቷ ምንም ሳትጠይቀኝ ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት። ዋርፋሪኑን አንስታ አየችው። ከዚያ ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ መድማትን የሚያብሰውን ዲክሎፍናክ ወደ መደርደሪያው መልሳ ፓራሲታሞል አወጣችልኝ።