ስትራይፐር ቀጠሮ ያከብራል፤ ሰዓቱን የሚቆርጠው ግን ባሕሩ ነው

የመጀመሪያውን ዓመት ስትራይፐር የሚባለውን ዓሣ ላጠምድ የምወጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ሌላ ምክንያት የለውም፣ ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ ነው። ቁርሴን በልቼ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ዘንጌን መኪና ውስጥ ወርውሬ ከቦስተን ወደ ሰሜን እነዳለሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ባሕሩ እንደ መስታወት የተኛ። ለፎቶ የሚሆን ቀን። እስኪመሽ እወረውራለሁ፣ እጠቀልላለሁ፣ ደግሞ እወረውራለሁ። በዚያ በጋ የያዝኩት ነገር ቢኖር የባሕር አረምና የትከሻ ሕመም ብቻ ነው።

አንድ ምሽት ዕቃዬን ሸክፌ ልሄድ ስል አንድ ሽማግሌ ከመኪናቸው ወርደው ዌደራቸውን መልበስ ጀመሩ። ያ እስከ ደረት የሚደርሰው የፕላስቲክ ሱሪ ማለቴ ነው። እኔ ልወጣ፣ እሳቸው ሊገቡ። «እንዴት ነበር?» አሉኝ። ምንም የለም አልኳቸው። «ውሃው የት ላይ ነበር?» ሲሉኝ ጥያቄው አልገባኝም። ውሃው እዚያው ባሕሩ ውስጥ ነዋ! ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ባሕሩ እየሞላ ነበር ወይስ እየጎደለ፣ ከሞላስ ስንት ሰዓት ሆነው ብለው አፍታተው ጠየቁኝ። አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ አይቼውም አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ከባሕር ዳር ሆናችሁ ስትራይፕድ ባስ መያዝ የምትፈልጉ ሰዎች «ምን ዓይነት ዘንግ ልግዛ?» ብላችሁ ስትጽፉልኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ዘንጉ ይቆይ። መጀመሪያ የባሕሩን መሙያና መጉደያ ሰዓት የሚነግር ሰንጠረዥ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ታይድ የሚባለው እሱ ነው። ነፃ ነው፣ ከማንኛውም ዘንግ የበለጠ ዓሣም ይይዛል።

ለማያውቀው ሰው ዓሣውን ባጭሩ ላስተዋውቅ። ጎኑ ላይ ሰባት ስምንት ጥቁር መስመር የተዘረጋበት፣ ብርማ፣ ሰፊ አፍ ያለው ዓሣ ነው። እኛ ጋ ስትራይፐር ይሉታል፣ ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ሮክፊሽ ትሉታላችሁ። የሚወለደው በወንዝ ነው፣ የሚያድገው በባሕር። አብዛኛው ከቼሳፒክ ቤይ ወንዞች ይወጣል፣ ከሀድሰንና ከደላዌር ወንዝም የሚመጣ አለ። በጸደይ እንቁላሉን ጥሎ ሲጨርስ ትልልቁ የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን ይነጉዳል፣ እስከ ሜይን ድረስ። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ይመለሳል። ማሳቹሴትስ ለምንኖር ሰዎች ወቅቱ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው ማለት ይቻላል። ኒው ጀርሲ ያለ ሰው ደግሞ ኅዳርን በጉጉት ይጠብቃል።

ወደ ታይድ ልመለስ፣ ሀብቱ ያለው እዚያ ነው።

ስትራይፐር ሆዳም ነው፣ ግን በከንቱ መልፋት አይወድም። ውሃው ሲሮጥ ትንንሾቹ ዓሦች እንደፈለጉ መዋኘት ያቅታቸዋል፣ ጅረቱ እየገፋ ይወስዳቸዋል። እሱ ከድንጋይ ጀርባ ወይም ከአሸዋ ጉብታ ሥር፣ ጅረቱ በማይበረታበት ቦታ ይቆማል። አፉን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ይጠብቃል። ምግቡ እቤቱ ድረስ ይመጣለታል ማለት ነው። ውሃው ሲቆም ግን ትንንሾቹ ነፃ ይወጣሉ፣ እሱም ፍላጎቱን ያጣል። እኔ በዚያ በጋ ባሕሩ እንደ መስታወት ሲሆን ደስ ይለኝ የነበረው ነገር ለካ የእራት ሰዓቱ ማለቁን የሚናገር ምልክት ነበር።

በአትላንቲክ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ይፈጃል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ስለዚህ ዛሬ ያበላችሁ ሰዓት በሳምንቱ ባዶ ያስቀራችኋል። «ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ፣ በዚሁ ሰዓት ነበር እኮ የያዝኩት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እዘኑለት። እኔም ብያለሁ።

የትኛው ይሻላል፣ ሲሞላ ወይስ ሲጎድል? ቦታው ይወስነዋል። ወንዝ ወይም ረግረግ ወደ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ ከሆናችሁ ሲጎድል ነው፣ በተለይ መጉደል ከጀመረ በኋላ ያለው ሁለትና ሦስት ሰዓት። ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ሣሩ ውስጥ ተደብቀው የቆዩት ትንንሽ ዓሦች፣ ሸርጣኖችና ሽሪምፖች ውሃው ሲሸሽ በዚያች ጠባብ በር ተገፍተው ይወጣሉ፣ ስትራይፐሩም በሩ ላይ እንደ ቀራጭ ቆሞ ይቀበላቸዋል። ክፍት የአሸዋ ዳርቻ ላይ ግን እኔ የምወደው ሙላት ከመድረሱ በፊት ያሉትን ሁለት ሰዓታትና ከሙላቱ በኋላ ያለችውን አንድ ሰዓት ነው። ያኔ ከእግራችሁ ፊት ያለው ቦይ ውሃ ያገኛል፣ ዓሣውም እስከ 10 ሜትር ድረስ ይጠጋችኋል። በነገራችን ላይ ጀማሪ ሰው ዓሣው ሁሉ አድማስ ላይ ያለ ይመስለውና እስከ ጉልበቱ ገብቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውራል። ብዙ ጊዜ የቆመው ዓሣው ላይ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ደረቅ አሸዋ ላይ ሆናችሁ ጥቂት ወርውሩ።

ቦታችሁን በውሃ ጉድለት ጊዜ፣ በቀን ብርሃን ሄዳችሁ እዩት። ያኔ ዘንግ አያስፈልግም። ጉብታው የት ነው፣ የት ላይ ተቆርጧል፣ ትልልቁ ድንጋይ የት ተቀብሯል? ፎቶ አንሱ። ማታ ውሃው ሲሸፍነው እናንተ ብቻ ናችሁ የምታውቁት።

ሁለተኛው ነገር ጨለማ ነው። የስትራይፐር ዓይን በደብዛዛ ብርሃን በደንብ ያያል፣ ትንንሾቹን የሚበልጣቸውም ያኔ ነው። በጠራራ ፀሐይ ትልልቁ ወደ ጥልቁ ይሸሻል። ንጋትና ምሽት ጥሩ ናቸው፣ ደመናማ ቀንም አይከፋም። ከዳር ሆኖ ትልቅ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ግን እንቅልፉን መሠዋት አለበት። የግንባር ባትሪያችሁን ውሃው ላይ አታብሩ፣ መንጠቆ ስትቀይሩ ዞር በሉ። ቀዩን መብራት መጠቀም ይሻላል። ደግሞ ማታ ፍጥነት አያስፈልግም። ቀስ አድርጎ መጠቅለል፣ ከዚያም ቀስ ማለት፣ ከዚያም «ይሄማ በዛ» እስኪመስላችሁ ድረስ ቀስ ማለት።

ጨረቃን በተመለከተ አጥማጆች ሲከራከሩ ያድራሉ። እኔ የምለው ይሄን ነው፤ በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ አካባቢ ባሕሩ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ይሞላል፣ የበለጠም ይጎድላል፣ ስለዚህ ጅረቱ ይበረታል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ምረጥ ካላችሁኝ ጨለማውን፣ አዲሱን ጨረቃ እመርጣለሁ። ቦስተን አካባቢ ደግሞ አንድ የታደልንበት ነገር አለ። በእነዚያ ቀናት ባሕሩ የሚሞላው በቀትርና በእኩለ ሌሊት ግድም ነው። ይህ ማለት ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ጨለማውም፣ የሚሮጠው ውሃም፣ ጨረቃዋም አንድ ላይ ይገጥማሉ። በማግሥቱ ሥራ ላይ ምን እንደምትመስሉ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ነፋስስ? እዚህ ላይ የባሕር ዳር ሽርሽር ከሚወድ ሰው ጋር አንስማማም። ወደ ዳር የሚነፍስ፣ ሞገዱን ከፍ ከፍ የሚያደርግ፣ ድንጋዩ ዙሪያ ነጭ አረፋ የሚያስነሳ ነፋስ አሪፍ ነው። ትንንሾቹን ዓሦች ወደ ዳር ይገፋቸዋል፣ ያዞራቸዋል። አረፋው ስትራይፐሩን ይደብቀዋል፣ እናንተንም ይደብቃችኋል። በ1982 መስከረም ወር አል ማክሬይኖልድስ የተባለ ሰው አትላንቲክ ሲቲ ላይ፣ ወደ ባሕር ከገባ የድንጋይ ጄቲ ላይ ቆሞ 78 ፓውንድ ተኩል የሚመዝን ስትራይፐር ያዘ፣ ወደ 35 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ሌሊት ነበር። ባሕሩም በማዕበል ይናጥ ነበር። የዓለም ክብረ ወሰኑ እስከ 2011 ድረስ ቆየ፣ የዚያን ዓመት ኮኔቲከት ላይ 81 ፓውንድ ከ14 አውንስ የሆነ ተያዘ። እሱ ግን በጀልባ ነው፣ ስለዚህ ለእኛ ለእግረኞቹ አሁንም የአትላንቲክ ሲቲው ነው የሚያጓጓን።

ልክ ግን አለው። ማዕበሉ አሸዋውን አንስቶ ውሃውን ቡና በወተት ካስመሰለው ወይም በእያንዳንዱ ውርወራ አንድ ኪሎ አረም ይዞ የሚመለስ ከሆነ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ብዙ ጊዜ ከማዕበሉ በፊት ያለው ቀን ከማዕበሉ በኋላ ካለው ይሻላል።

ሙቀቱን በአጭሩ። ውሃው 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፣ ከ13 እስከ 20 ባለው ጊዜ ደህና አድርገው ይበላሉ። ከ24 ሲያልፍ ግን ይደክማሉ። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው፣ ታግሎ የደከመ ዓሣ ብትለቁትም ሊሞት ይችላል። በነሐሴ ሙቀት፣ በተለይ ቼሳፒክ ውስጥ፣ መተው ነው የሚሻለው። የአየሩን ሳይሆን የውሃውን ሙቀት እዩ።

ይሄ ሁሉ ተሟልቶ ምግቡ ከሌለ ግን ዋጋ የለውም። ጅረትም ይኑር፣ ጨለማም ይሁን፣ ትንንሽ ዓሣ በሌለበት ስትራይፐር አይቆምም። በንከር የሚሉት ሜንሄደን፣ እንደ እርሳስ የቀጠነው ሳንድ ኢል፣ ሄሪንግ፣ ማኬሬል፣ ስኩዊድ፣ የዚያን ሰሞን የትኛው እንዳለ እወቁና የምትወረውሩትን ማባበያ ለእሱ አስመስሉ። ሳንድ ኢል የሚበላ ዓሣ ፊት ጫማ የሚያክል ፕላስቲክ ብታሳልፉ ዘወር ብሎም አያያችሁ። ወፎቹን ተመልከቱ። በአንድ ቦታ ላይ እየተወረወሩ ውሃውን የሚወጉ ከሆነ ሩጡ። ውሃው ላይ ቁጭ ብለው ላባቸውን የሚያስተካክሉ ከሆነ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ ድግሱ አልቋል።

ይሄን ሁሉ በአንድ ቦታ ማየት የፈለገ ሰው ኬፕ ኮድ ካናል ይሂድ። 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ ነው፣ በሁለቱም ዳር የተነጠፈ መንገድ አለው፣ ጀልባ የሌለው ሰው በብስክሌት እየዞረ ያጠምድበታል። ጅረቱ እንደ ወንዝ ይሮጣል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ። ጅረቱ የሚዞርበት ሰዓት ከንጋት ጋር የሚገጥምባቸው ጥቂት ቀናት አሉ። በእነዚያ ቀናት ሰው ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆመው። እኔ ግፊያውን አልወደውም። አንዴ ሄጄ የጎረቤቴ ክር ከእኔ ጋር ተተብትቦ ትልቁ ዓሣዬ አመለጠኝ፣ እሱ ደግሞ ተቆጣኝ። በዚያው ቀረሁ።

አሁን ሁለት ሦስት የግድ የሆኑ ነገሮች። እርጥብ ድንጋይ ላይ ብረት ጥርስ ያለው ጫማ ሳታደርጉ አትውጡ፣ አረንጓዴው ነገር ከሳሙና ይብሳል። ዌደር ከለበሳችሁ ቀበቶውን ወገባችሁ ላይ ጠበቅ አድርጉ፣ ብትወድቁ ውሃ እንዳይሞላባችሁ። ለባሕሩ ጀርባ አትስጡ። ብቻችሁን ከሆናችሁ የት እንዳላችሁ ለአንድ ሰው ተናገሩ።

ሕጉንም እዩ። ከ2023 ጀምሮ በውቅያኖሱ ዳርቻ ይዞ ወደ ቤት መሄድ የሚፈቀደው ከ28 እስከ 31 ኢንች የሚረዝመውን ብቻ ነው፣ እሱም በቀን አንድ። ቼሳፒክ የራሱ ልክ አለው። በእውነተኛ ምግብ የምታጠምዱ ከሆነ መንጠቆው ክቡ፣ ሰርክል ሁክ የሚባለው መሆን አለበት፣ ከንፈሩን እንጂ ሆዱን እንዳይወጋው። ልኩ ስለሚቀያየር በየዓመቱ የግዛታችሁን ደንብ አንብቡ። ከመጠን በላይ ተይዞ ሊያልቅ ስለነበር ሜሪላንድ ከ1985 ጀምሮ አምስት ዓመት ሙሉ ማጥመዱን ዘግታው ነበር፣ ከዚያ ነው ያገገመው። አሁን ደግሞ ቼሳፒክ ውስጥ የሚወለደው ጫጩት ከ2019 ወዲህ በጣም ቀንሷል። እኔ አብዛኛውን እለቃለሁ። እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙት፣ አሸዋ ላይ አታንከባሉት፣ ፎቶው አንድ ይበቃል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሰንጠረዡ ባሕሩ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሞላል ይላል፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ነው፣ ጨረቃ የለችም። ነገ ጠዋት ስብሰባ አለኝ። ዌደሬን በር ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ አላርሙንም ሞልቻለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ «ዛሬም?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።