ድርግም የሚል ዴስክቶፕ፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

በሥራ መሃል በድንገት እየጠፋ ጥገና ላይ የነበረው አሮጌ ኮር ቱ ዱዎ (የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው) ዴስክቶፕ በመጨረሻ ሰክኗል፤ ሌሊቱን ሙሉ ከባድ ሥራ ተጭኖበት ቢያድርም ድርግም አይልም። ጥፋቱ የተገኘው ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የሚመጣውን መብራት ለማሽኑ ክፍሎች ቀይሮ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በየጽሕፈትና ኮፒ ቤቱ የዚህን እኩያ ማሽን ይዛችሁ የምትሠሩ ወዳጆቼ ስለምትቸገሩበት፣ የፍተሻውን መንገድ እዚህ አስቀምጣለሁ።

ፎርማቱን ተዉት። ዊንዶውስ ሲበላሽ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል ወይም ይንቀረፈፋል እንጂ ሶኬቱ እንደተነቀለ ማሽን ቀጥ ብሎ አይጠፋም። ለማረጋገጥ ባዮስ ገጹን (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተውን የማሽኑን ማስተካከያ ገጽ) ክፈቱና እዚያው ተዉት። ባዮስ ላይም ከጠፋ ዊንዶውስ ነጻ ነው። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ የምታዩት 41 እና 6008 የተባሉት ቁጥሮች ማሽኑ በሥርዓቱ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ይናገራሉ፤ ለምን እንደጠፋ አይነግሯችሁም። 1074 ካገኛችሁ ግን ማሽኑን ያጠፋው ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም ነውና ካቻቪቴውን አስቀምጡ።

ዋናው ነገር መቼ እንደሚጠፋ ማስተዋል ነው። በተከፈተ በደቂቃ ውስጥ ከሆነ የፕሮሰሰሩ ሂትሲንክ (ሙቀቱን የሚስበው ባለ ክንፍ ብረት) በደንብ አልተቀመጠም ማለት ይሆናል። ሩብ ሰዓት ሠርቶ ከጠፋ፣ ወዲያው ሲከፈት ደግሞ ቶሎ ከደገመው ሙቀት ነው። ቪዲዮ ወይም ጌም ሲከፈት፣ አለዚያም ቤት ውስጥ ሌላ ዕቃ ሲበራ ከሆነ ወደ ኃይሉ ሂዱ።

ሙቀቱን በአጭሩ ልለፈው። እኛ ጋ ቡና ያለ እጣን አይፈላም፤ የእጣኑ ጭስ ደግሞ ሙጫ ነው። ፋኑ ላይ ያርፍና አቧራውን ይዞ ይጋገራል። ከላይ ሲታይ ንጹሕ የሚመስለው ፋን ሲነሳ፣ ከሥሩ የሂትሲንኩ ክንፎች መግቢያ ላይ ግራጫ ምንጣፍ ተነጥፎ ታገኛላችሁ። ይህ በመንፋት አይለቅም፤ ብሩሽና አልኮል ይፈልጋል። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ አየሩ ውሃና ዘይት ይዞ ይመጣል፣ ፋኑንም ከልኩ በላይ አሽከርክሮ ይጎዳዋል። በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሃል የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጠርጋችሁ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ አድርጉ። የዚህ ዘመን ኢንቴል ሂትሲንክ አራት የፕላስቲክ እግሮች አሉት፤ በሰያፍ ጥንድ ጥንዱን ተጫኑ፣ ቀጭ ሲል ስሙ፣ ከዚያ ከማዘርቦርዱ ጀርባ አራቱም መውጣታቸውን እዩ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ላይ ሆኖ ከ85 ዲግሪ የማያልፍ ከሆነ ሙቀቱን እርሱት።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ። ሰው ሁሉ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በሽቦ አገናኝቶ ፋኑ ሲዞር ካየ «ደህና ነው» ይላል። ይህ ፍተሻ መነሳቱን እንጂ ሸክም መቻሉን አያሳይም። መለካት ያለበት ማሽኑ እየሠራ ነው። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ትርፍ የሃርድ ዲስክ መሰኪያ ጥቁር ሽቦ ላይ፣ ቀዩን ጫፍ ቢጫው ላይ አድርጉ። 12 ቮልት ነው የሚጠበቀው፤ ከ11.4 እስከ 12.6 ድረስ ይፈቀዳል። ቀዩ ሽቦ ከ4.75 እስከ 5.25 ይሁን። ከዚያ ፕራይም 95ን (ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ የሚያጨናንቅ የመፈተሻ ፕሮግራም) አስነሱና ቁጥሩን ተከታተሉ። ሥራ ሲፈታ 12.1 የነበረው ሥራ ሲበዛበት 11.2 ከወረደ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

አስቸጋሪው ግን ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ ማሽኑ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበራ ልብ በሉ። ምጣድ 3500 ዋት ከሳበ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው፤ መስመሩ ቀጭንና ረጅም ከሆነ አምፖሉ ለቅጽበት ይደበዝዛል። የእኛ መብራት በሴኮንድ 50 ዙር ይሠራል፣ አንዱ ዙር 20 ሚሊሴኮንድ ነው። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ግብአቱ ቢቋረጥ እንኳ በውስጡ ባሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ በሚያጠራቅሙት ክፍሎች) 16 ሚሊሴኮንድ ያህል ይቆያል። ካፓሲተሮቹ ሲያረጁ ይህ አቅም ይሟሟል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ሳይነቃነቅ ኮምፒውተሩ ብቻ ድርግም ይላል። በመልቲሜትር ይህን ማየት አይቻልም፤ ዕቃው ቁጥሩን የሚያድሰው በጣም ዘግይቶ ነው።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው ዕቃ) ተገዝቶም «አሁንም ይጠፋል» የሚባለው ለዚሁ ነው። ተራ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ሲቀይር ጥቂት ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል፣ ያረጀው ፓወር ሰፕላይ ያንን አይሻገርም፣ ጥፋቱ ግን በባትሪው ይመካኛል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ስታብላይዘርም (የመብራቱን ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ዕቃ) ቮልቴጅ በቀየረ ቁጥር እንዲሁ ለቅጽበት ያቋርጣል። እንደ እኔ እንደ እኔ ስታብላይዘሩ ላይ ከሚወጣው ብር በፊት ፓወር ሰፕላዩ ይቀየር።

ሌላው ምልክት ብርድ ነው። ያረጀ ካፓሲተር ሲቀዘቅዝ ይብሳል፤ በጥቅምትና በኅዳር የደሴ ጠዋት ማሽኑ አልነሳ ብሎ ደጋግሞ ሲጫኑት ከተነሳና ከሞቀ በኋላ ሰላም ከሆነ፣ ሙቀት ሳይሆን ካፓሲተር ጠርጥሩ። ከደሴ በምትሞቀው ኮምቦልቻ በቀን የሚጠፋው ደግሞ በተቃራኒው መጀመሪያ በሙቀት ይጠርጠር።

ፓወር ሰፕላዩን ከፍቶ መጠገንን አልመክርም። ከሶኬት ተነቅሎም ዋናው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በሌላ ቀይሩት። ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮር ቱ ዱዎ እውነተኛ 300 ዋት ከበቂ በላይ ነው፤ 600 ዋት ተብሎ ከተለጠፈበት ቀላል ቆርቆሮ ይልቅ በእጅ ሲመዝኑት ከበድ የሚለውን እመርጣለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ባለ 24ቱን መሰኪያና የፕሮሰሰሩን ባለ 4 መሰኪያ አስተያዩ፤ የአንዳንድ ብራንድ ማሽኖች መጠንና መሰኪያ የራሳቸው ነው። አሮጌው ባለ 4 መሰኪያ ቡና ዓይነት መልክ ይዞ ከሆነ ማዘርቦርዱ በኩል ያለውንም አጽዱ። ጀርባው ላይ ቀይ የቮልቴጅ መምረጫ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ፤ 115 ላይ ከሆነ ይፈነዳል።

ከተቀየረ በኋላም ከጠፋ፣ ፕሮሰሰሩ ዙሪያ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች እንዳሉ ፈልጉ። ሲተኩ ማይክሮፋራዱ ያው፣ ቮልቱ እኩል ወይም በላጭ፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን። የፊት ማብሪያውንም አትርሱ፤ ተጣብቆ ለ4 ሴኮንድ ያህል እንደተጫነ ከቀረ ማሽኑን ራሱ ያጠፋዋል። ከማዘርቦርዱ ላይ የማብሪያውን ባለ ሁለት ቀዳዳ መሰኪያ ንቀሉና ሁለቱን ፒኖች ለቅጽበት በካቻቪቴ ነክታችሁ አስነሱት። እንዲህ ተነስቶ ካልጠፋ የሚቀየረው ማብሪያው ብቻ ነው።