የእንሽርት ውሃዬን የያዘልኝ ጌታ

ሰላም ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ዝም ብል ዕዳ ይሆንብኛል ብዬ ነው የምፅፈው፣ ጉዳዩ ትንሽ ያሳፍራል ግን እህቶች አንብቡት።

የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ ገና በሰባተኛው ወር ምጥ ሳይመጣ የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ፣ ልጁ በህይወት ተወለደ ግን ሳንባው አልደረሰም ነበር፣ ሙቀት ክፍል ትንሽ ቆይቶ አረፈ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። አንዱ መንፈስ ነው ይላል ሌላው ከባድ ዕቃ አንስተሽ ነው ይላል፣ እና ሁለተኛውን ሳረግዝ ፀሎቴ አንድ ብቻ ሆነ፣ ጌታ ሆይ የተደበቀውን ግለጠው።

ገለጠው! ክትትል ጨርሼ ልወጣ ስል አዋላጇ እንደዘበት "ፈሳሽ ምናምን አለሽ እንዴ?" አለችኝ፣ በቃ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ግራጫ የሚመስል ቀጭን ፈሳሽ፣ ማሳከክ የለው ምን የለው፣ ከግንኙነት በኋላ ግን የአሳ ሽታ፣ በመጀመሪያውም እርግዝና ነበረ። ናሙና ወስዳ ፒኤች (የአሲድ መጠን) መለኪያ ወረቀት ላይ ነካ ስታደርገው ቀለሙ ተቀየረ፣ ከ4.5 በላይ ነው፣ አሲዱ ቀንሷል ማለት ነው አለች። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ይባላል። ለካ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ደግ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመረቱ ነው ብልትን የሚጠብቁት፣ እነሱ ሲመናመኑ ሌላው ይበዛና አንዳንዴ ወደ ማህፀን ወጥቶ የእንሽርቱን ከረጢት ያሳሳዋል፣ ውሃው ይፈሳል ልጅ ያለቀኑ ይመጣል። (ውስጥን በሳሙና መታጠብ ደግሞ ያባብሰዋል!)

ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ታዘዘልኝ። ዶክተሩ ግን አልሸነገለኝም፣ "መድኃኒቱ ኢንፌክሽኑን ያክመዋል፣ ቀንሽን ትሞያለሽ ብዬ ግን ዋስትና አልሰጥሽም" አለኝ። እንግዲህ መድኃኒቱ ዋስ ላልሆነኝ ጌታን ዋስ ጠራሁት፣ ሌሊት ሌሊት የረጠብኩ እየመሰለኝ ብንን እላለሁ፣ አንሶላውን እዳብሳለሁ፣ ደረቅ ነው፣ ተመስገን ብዬ እተኛለሁ፣ ደሞ እባንናለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ 37ኛው ሳምንት አለፈ፣ ያለጊዜው ከሚባለው ወጣሁ ማለት ነው።

በ39ኛው ወለድኩ፣ 3 ኪሎ ከ200፣ ሙቀት ክፍል የሚባል ሳታይ! ገና ስትወጣ በጩኸት ክፍሉን ስታናጋው አዋላጇ "ይቺስ ዘማሪ ናት" ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ስሙ ይባረክ፣ አሜን በሉልኝ።