ዋጋው ያው ነው

ዛሬም ቅዳሜ ስለሆነ ደብተሬን ይዤ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ወዳለው ጉሊት ወረድኩ። ቱሉ ዲምቱ ጠዋት ላይ ብርዱ አይቻልም፣ የማሂ እናት ነጠላዋን ተከናንባ ገና መደቡን እየደረደረች ነበር፣ ስታየኝ "እትዬ፣ ዛሬም ሊቆጥሩ ነው?" አለችኝ፣ አዎ አልኳት። ድንች አንዱ መደብ ሃምሳ ብር፣ ሰባት ፍሬ። ይሄን ደብተር የጀመርኩት ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ መቶን ባለፈበት ሰሞን ነው፣ ያኔ እዚሁ መደብ ላይ አስር ፍሬ ነበር። ሃምሳ ብሩ ግን አልተነቃነቀም።

ለምን ዋጋውን አትጨምሪም ብዬ ጠየቅኳት። "ሰዉ እኮ ከታክሲ ሲወርድ እጁ ላይ ያለችው አንዲት ሃምሳ ብር ናት፣ ስልሳ ካልኩት ጥሎኝ ይሄዳል፣ ሃምሳ ካልኩት ግን ቢያንስበትም ይወስዳል፣ ልጆቹ እየጠበቁት ነዋ" አለችኝ። እንዳለ ጻፍኩት።

እኔን እዚህ ሙያ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ውስጥ ያስገባኝ ቁና የሚባለው የእህል መስፈሪያ ነው። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንት ከኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ 15 የገጠር መንደሮች ውስጥ ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን መጠየቅ ሲጀምር እኔ ገና ከትምህርት የወጣሁ ልጅ ነበርኩ፣ መጠይቅ ሙይ ተብዬ ጎጃም የትመን ተላክሁ። (እነዚያው ቤተሰቦች እኮ እስከ 2001 ድረስ እየተመላለሱ ተጠይቀዋል፣ በሀገራችን እንዲህ የቆየ ጥናት ብዙ የለም፣ ስለሱ ሳወራ አሁንም ደስ ይለኛል።) ወረቀቱ ላይ "ስንት ኪሎ ጤፍ ሸጡ?" ይላል፣ ሰዉ የሚመልሰው በቁና ነው፣ መሬቱ ሲጠየቅ በጥማድ። ጥማድ ማለት በሁለት በሬ በአንድ ቀን የሚታረስ ነው፣ የማን በሬ፣ ምን ዓይነት አፈር ላይ? ጉራጌ እምድብር የደረሳት ጓደኛዬ ደግሞ እንሰት ገጠማት፣ እሱ መሬት ውስጥ ቆሞ ዓመታት የሚቆይ ነገር ነው፣ የዘንድሮ ምርትህ ስንት ኩንታል ነው ተብሎ እንዴት ይጠየቃል። አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ የትኛውን ቁና ነው የምትዪው፣ የምንሸጥበትን ነው የምንገዛበትን?" ያሉኝን መቼም አልረሳም። ለካ ነጋዴው ከነሱ ሲገዛ በትልቁ ሰፍሮ፣ ሲሸጥላቸው በትንሹ ነው። ዋጋው አንድ ነው፣ የሚለወጠው ዕቃው ነው።

ከዚያ በኋላ ማስተርሱም ፒኤችዲውም ዞሮ ዞሮ እዚችው ጥያቄ ላይ ነው ያረፈው፣ የእህል ገበያ፣ መስፈሪያ፣ ዋጋ እንዴት ይለካል የሚለው። ሰው ስለ ባንክ ወይ ስለ ንግድ ብትሠሪ ይሻልሽ ነበር ይለኛል፣ እኔ ግን ሌላ ነገር ልቤን ገዝቶት አያውቅም።

ክላስ ውስጥ በጣም የምወደው ሳምንት የወሎን ረሃብ የማስተምርበት ነው። ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን (እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል የተሸለመው) ያሳየውን ቦርዱ ላይ እጽፋለሁ፦ በ1965 የሀገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ሰው እንደሚያስበው አልወደቀም፣ ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ ብዙ አልናረም፣ እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ይወጣ ነበር። ሰው የሚሞተው ዋጋው ባለበት ቆሞ ነው። ክላሱ ጸጥ ይላል። ባለፈው ዓመት አንድ የወሎ ልጅ እጁን አወጣና "አያቴ እህሉማ ነበር፣ ያለቀው በሬው ነው ትላለች" አለ፣ እኔ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የለፋሁበትን ነገር አያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፣ ምክንያቱም በሬው ሲሞትና ሲሸጥ ሰዉ የሚገዛበት ነገር አጣ ማለት ነው።

የአሁን ተማሪዎቼ ጎበዞች ናቸው፣ ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ እጃቸው ይፈጥናል፣ የሚያሳስበኝ ግን ዳታውን ከኢንተርኔት አውርደው ሲያበቁ እዚያች ቁጥር ውስጥ የማን ቁና እንዳለ ሳይጠይቁ ወደ ሪግሬሽኑ፣ ወደ ስሌቱ፣ መግባታቸው ነው። ጥፋቱ የነሱ አይደለም፣ ፊልድ የምንወስድበት በጀት የለንም፣ ሰማንያ ልጅ አንድ ክላስ ውስጥ ታጭቆ ነው የሚማረው። ስለዚህ በቃ ፊልዱ እኔ ሰፈር ይሁን ብዬ ለሚመጣው ቅዳሜ አስራ ሁለቱን ጠርቻቸዋለሁ፣ ከስድስት ኪሎ እስከዚህ ሁለት ሦስት ታክሲ ነው፣ ሰልፉንም ጨምሮ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ እንመጣለን ብለዋል። ከጎረቤት የኩሽና ሚዛን ተበድሬያለሁ፣ እያንዳንዱን መደብ እንመዝናለን፣ የመዘንነውንም እንገዛለን፣ የማሂ እናት ገበያዋ እንዳይስተጓጎል ቃል ገብቼላታለሁ።

ደብተሬን ዘግቼ ልነሳ ስል ማሂ መጣች፣ አራተኛ ክፍል ናት፣ እናቷ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የጻፍኩትን አየችና "እትዬ፣ ሁለቱ ትናንሽ ናቸው፣ እሱንም ይጻፉት" አለችኝ።

ከፍቼ ጻፍኩት፦ ሰባት፣ ሁለቱ ትናንሽ።