ለልጄ ክርስትና ያደረሰኝ አምላክ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ሳልመሰክር ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

ሴት ልጄን በቀዶ ሕክምና ከተገላገልኩ በኋላ፣ ገና አራስ ሳለሁ፣ ግራ ባቴን ያመኝ ጀመር። እግሬ አብጦ ይሞቃል። ቤተሰቡ ሁሉ «ብርድ ነው፤ ተሸፈኚ፣ አትነሺ» አለኝ፤ የአራስ ወግ ነውና ተኛሁ። (እናቶቼ ሆይ፣ አራስ አንድ እግሯ አብጦ አመመኝ ስትላችሁ እባካችሁ ሐኪም ይያት።) አንድ ሌሊት ልጄን ላጠባ ቀና ስል ትንፋሽ አጠረኝ። በረጅሙ ልተንፍስ ስል ጎኔን እንደ ጦር ይወጋኛል።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ሳንባ ምች ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠን። አልተሻለኝም፤ ባሰብኝ እንጂ። በማግስቱ ምሽት ባለቤቴ ደግፎ ወደ ሆስፒታል ሲወስደኝ እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ ሥዕለ አድኅኖው ፊት ተንበረከከች። እኔ የቻልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «እመቤቴ ማርያም ሆይ፣ ከልጅሽ አማልጂኝ፤ ሕመሜን ለሐኪሞቹ ይግለጥላቸው፤ ለልጄ ክርስትና ያድርሰኝ።» ሴት ልጅ የምትጠመቀው በ80 ቀኗ ነው። ያን ቀን የማየው አልመሰለኝም።

ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት። ልቤ በደቂቃ ከ120 ጊዜ በላይ ይመታ ስለነበር ኢሲጂ የሚባለው፣ የልብን የኤሌክትሪክ ሥራ በወረቀት ላይ የሚሥለው ምርመራ እንዲነሣልኝ አዘዘች። ወረቀቱን አገላብጣ ካየች በኋላ ቀረብ ብላ «እህቴ፣ እግርሽን ያምሻል?» አለችኝ። እስከዚያ ሰዓት ማንም ሐኪም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነበር! ብርድ ልብሱን ገልጣ ባቶቼን በሜትር ለካች፤ የግራው አብጧል።

በኋላ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ከእግር ደም ሥር የተነሣ የረጋ ደም በልብ ቀኝ ክፍል አልፎ የሳንባን ደም ሥር ይዘጋል። ቀኙ ልብ በተዘጋው ላይ ደም ለመግፋት ሲታገል ጭንቀቱ አንዳንድ ጊዜ በኢሲጂ ላይ ይታያል። በእኔ ወረቀት በአንደኛው መስመር ጥልቅ ኤስ፣ በሦስተኛው ኪው እና የተገለበጠ ቲ ነበሩ (ፊደላቱ በወረቀቱ ላይ የሚታዩት ሞገዶች ስሞች ናቸው)፤ በደረት መስመሮቹም ላይ ቲ ተገልብጧል። ማክጊን እና ዋይት የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ይህንን የኤስ፣ የኪውና የቲ ምልክት በ1935 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። ነገር ግን በብዙ ሕመምተኞች ላይ አይታይም፤ ኢሲጂያቸው ጤናማ የሚመስልም አሉ፤ ሌላ ሕመምም ሊያመጣው ስለሚችል ወረቀቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። እኔ አምላኬን አብዝቼ የማመሰግነው እዚህ ላይ ነው። ሊሰወር ይችል የነበረው ምልክት በእኔ ላይ ተገለጠ፤ አንብባ እግሬን የምትጠይቅ ሐኪምም በዚያ ምሽት ተረኛ ሆነች።

ሲቲ ስካን ወደሚገኝበት ቦታ እስክደርስ አልጠበቀችም። የቀዶ ሕክምናውን ቁስል አይታ፣ ከአለቃዋ ጋር ተማክራ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ሄፓሪን አስጀመረችኝ። ሲቲ ስካኑ ሲነሣ የረጋው ደም በሁለቱም ሳንባዎቼ ታየ። ትንፋሼ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከዚያ ለዚሁ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የተባለ ክኒን እየወሰድኩ፣ ደሜን እየተመረመርኩ ልጄን አጠባሁ፤ መድኃኒቱ ማጥባት አይከለክልም ሲሉኝ በደስታ አለቀስኩ።

በክርስትናዋ ዕለት በእግሬ ሄጄ አስቀደስኩ፤ ልጄንም በገዛ እጄ ለክርስትና እናቷ ሰጠኋት። ስሟ ወለተ ማርያም ተባለ። ለዚህ ያደረሰኝ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።