ለጥምቀት ስንዘጋ በር ላይ የተፈጠረው

ጎንደር ከመጣሁ ገና ነው፣ ኬጂ 1 ነው የያዝኩት፣ እና እዚህ ከተማ ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ልጅ ማስተማር ምን እንደሚመስል ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኛም ጋ ወሎ ጥምቀት አለ፣ ታቦት ይወርዳል ይጨፈራል፣ ጎንደር ግን ከተማው ሙሉ ነው የሚነሳው፣ ፒያሳ ባንዲራ ይሰቀላል ሆቴሉ ይሞላል ባጃጁ ዋጋ ይጨምራል እናቶች ጠላ ይጠምቃሉ፣ እና ይሄ ሁሉ ወሬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በአራት ዓመት ልጆች አፍ ክፍሌ ይገባል።

እቅዴ ላይ ለዛ ሳምንት የጻፍኩት ፊደል መከለስና እስከ 10 መቁጠር ነበር። ማን ሊሰማኝ። አንዷ "ሚስ ቀሚሴ ተሰፋ" ትላለች፣ ሌላኛዋ "የኔ ጥልፉ ቀይ ነው" ብላ ትነሳባታለች፣ አንዱ ደሞ አዲስ ጫማ ተገዝቶለት ቁም ሳጥን ላይ ስለተቀመጠበት በየመሀሉ ትዝ እያለው ያለቅሳል። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፣ እዚህ የቤት ህግ ነው ለካ። አንዲት ልጅ ቀኑን መጠበቅ አቅቷት ቀሚሷን ከዩኒፎርሙ ስር ለብሳ መጣች፣ ጥልፉ ከታች ብቅ ብሏል፣ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ፣ እናቷ ግን ማታ ሳታይ የቀረች አይመስለኝም።

ዳይሬክተራችን ደሞ ስለ በዓሉ ግንዛቤ ስጧቸው ብላ ወረቀት በተነች። አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ቆረቆሩ፣ ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2012 መዘገበ ምናምን ይላል። እስኪ ለአራት ዓመት ልጅ ዩኔስኮን አስረዳ! ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ስዕል አስያዝኳቸው፣ ፋሲል መዋኛን ሳሉ አልኩ። ወዲያው ሰማያዊ ክሬዮን ላይ ጦርነት ተነሳ። ሌላው ቀለም እንዳለ ቁጭ ብሎ ሰማያዊው ብቻ እየተነጠቀ እየተሰበረ በመጨረሻ ጥፍር የምታክል ሆና ቀረች፣ አንድ ልጅ ብቻ ዝም ብሎ ገንዳውን በአረንጓዴ ይሞላል። ለምን አረንጓዴ ስለው ቀና ብሎ አየኝና "ሚስ አይተሽው አታውቂም እንዴ" አለኝ፣ ውሃው ከቀሃ ወንዝ ሲገባ ከአባቱ ጋር ሄዶ አይቷል፣ አረንጓዴ ነው በቃ። እኔ ደሞ እስከዛ ቀን ሄጄ አላየሁም፣ ምን ልበለው።

ከሰዓት በኋላ የኔን ጃንጥላ ዘርግተው በክፍሉ ይዞራሉ፣ ምሳ ዕቃ ከበሮ ይሆናል፣ ከሁሉም አሳምሮ የሚመታው ደሞ ቤታቸው ጥምቀት የማይከበርበት ከአዲስ ዓለም የሚመጣው ልጅ ነው። ረዳቴ፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ልጅ ሲይዙ የኖሩ ሴት ናቸው፣ "ተያቸው አንች፣ ይሄን ሳምንት ማስተማር ብሎ ነገር የለም፣ ቆጥረሽ ተረክበሽ ቆጥረሽ ማስረከብ ነው" አሉኝ። የዛን ቀን እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት።

ዋናው ነገር የመጣው የመጨረሻው ቀን ነው፣ ጥር 9፣ በማግስቱ ከተራ ስለሆነ ግማሽ ቀን ነው የዋልነው፣ 6 ሰዓት ላይ በር ተከፈተ። በደህናው ቀን የሚመጣው ሰው የታወቀ ነው፣ እናት፣ ሠራተኛ፣ የኮንትራት ባጃጅ። ያን ቀን ግን ከተማው በእንግዳ ተሞልቷል፣ እናቶች ወይ ወፍጮ ቤት ወይ ገበያ ናቸው፣ ስለዚህ ልጅ ሊወስድ የሚመጣው አይተነው የማናውቀው ሰው ነው፣ አክስት ከአርማጭሆ፣ የአጎት ልጅ ከባህር ዳር፣ አያት ከደምቢያ። ትምህርት ቤቱ መውሰጃ ካርድ አለው ግን ግማሹ ካርዱን አልያዘም፣ ግማሹም ካርድ መኖሩን አያውቅም።

በዚህ መሀል አንድ ሰውዬ መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ዘነጥ ያለ፣ እጁ ላይ የባህል ልብስ ያለበት ፌስታል ይዟል፣ የአንዷን ልጅ ስም ከነአባቷ ጠራ፣ አጎቷ ነኝ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት እናቷ ልካኝ ነው አለ። ካርድ ስለው የለም። እናትየው ጋ ደወልኩ አታነሳም፣ ደግሜ ደወልኩ አታነሳም፣ አባትየው ደሞ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ልጅቷን ጠራኋትና "ታውቂዋለሽ?" አልኳት፣ "አዎ" አለች። ደስ ሊለኝ ሲል እትዬ ቀስ ብለው ቀሚሴን ሳብ አደረጉኝና "ለሷ እኮ ፌስታል የያዘ ሁሉ አዎ ነው" አሉኝ።

እሳቸው ጎንበስ ብለው ሌላ ነገር ጠየቋት። "ይሄ ጋሼ ማታ የት ነው ያደረው?" ልጅቷ ፊቷ ጥቁር አለ፣ "እኔ አልጋ ላይ" አለች፣ "እኔና እማዬ መሬት ተኛን፣ ደሞ ያንኮራፋል፣ ደሞ ድመቴን አባረራት።" በሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሰውዬው ራሱ ፈገግ ሊል ዳዳው።

እኔ አለቀ ብዬ ቦርሳዋን ላቀብለው እጄን ስዘረጋ እትዬ አሁንም "ቆይ" አሉ። ዘመድ መሆኑ ገብቷቸዋል፣ ግን እናትየው ልካዋለች ወይ የሚለውን ልጅቷ ልታውቅ አትችልም፣ ዘመድ ሆኖ ያልተላከ ሰው እንዳለ ደሞ እሳቸው በረጅም ዕድሜያቸው ያዩት ነገር አለ መሰለኝ፣ አልጠየቅኳቸውም። ጊዜውም ያው የምናውቀው ነው፣ የእገታ ወሬ ስንሰማ የከረምንበት ከተማ ነው፣ ልጅ በር ላይ በግምት አይሰጥም። "ጋሼ ወንበር ይያዙና እናቷ እስክታነሳ ይጠብቁ" አልኩት።

ተቆጣ። "እህቴ ሌባ መሰልኩሽ እንዴ? አሁን እኮ ራሷ አልጋዬ ላይ ተኛ ብላ መሰከረች!" እያለ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ቀጥሎ ያሉት ወላጆችም ማጉረምረም ጀመሩ፣ አንዷ "ዓመት በዓል ነው፣ ሰው አታንገላቱ" ትለኛለች፣ ዘበኛው አባባ ደሞ ምንም ሳይሉ ሄደው በሩ ፊት ቆሙ፣ ያ ነገራቸው ልቤን አረጋጋው። ሰውዬው መታወቂያውን አወጣ፣ አየሁት፣ የአያት ስሙ ከልጅቷ እናት ጋር ይገጥማል፣ ያም ሆኖ "ይጠብቁ" አልኩ፣ ድምፄ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር መሰለኝ ምክንያቱም እትዬ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

እናትየው የደወለችው ሌላው ልጅ ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው። ስልኩን ቤት ቻርጅ ላይ ትታ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ ነበር፣ እንደተመለሰች ነው ሚስኮሉን ያየችው። ድምጿን ስፒከር ላይ ስናደርገው መጀመሪያ የወረደችው በኔ አይደለም በወንድሟ ነው፣ "ካርዱን ቡፌው ላይ አድርጌልህ፣ አይተኸው አልነበር?" አለችው፣ እሱም ዝም። እሱን አስፈርሜ ልጅቷን ሰጠሁት፣ ሲወጡ በአንድ እጇ ፌስታሉን በአንድ እጇ ጣቱን ይዛ ስለ ድመቷ እየከሰሰችው ነበር።

በዓሉ አልፎ ስንገባ ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ተነሳ። አንዳንዱ መምህር አካበድሽው አለኝ፣ ልጅቷ መስክራለች መታወቂያም ታይቷል ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ። እኔ እንደሱ አይመስለኝም። የተቀየመ ዘመድ ቡና ጠጥቶ ይታረቃል፣ ሌላውን ነገር ግን ማን ይመልሰዋል? ዳይሬክተሯ ደግነቱ ከኔ ጋር ሆነች፣ ከበዓል በፊት በኮሙኒኬሽን ደብተሩ ላይ አንድ ወረቀት እንዲያያዝ ተስማማን፣ በዛ ሳምንት ቤታችሁ እንግዳ አለ ወይ፣ ልጁን ማን ይወስዳል፣ የናትና አባት ስልክ ካልተነሳ የማን ጋ ይደወል። ሁለተኛ ስልክ የሚለው የጎረቤት ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም በዓል ሲሆን ባልና ሚስት አንድ ላይ ገበያ ይወጣሉ፣ ጎረቤት ግን አንዷ ሁሌም ወጥ ላይ አለች። ይሄን ያሉት እትዬ ናቸው፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ስማቸው አልገባም፣ ረዳት ስብሰባ አይገባማ።

እኔም ልጆቹን በር ላይ "ታውቂዋለሽ" ማለት ትቻለሁ። ማታ ምን በላችሁ፣ ቤት ማን ማን አለ፣ እሱ ምን ብሎ ነው የሚጠራሽ እላለሁ፣ ልጅ ያየውን ከጠየቅከው አይዋሽም፣ አንዳንዴ እንደውም የቤቱን ገመና ሁሉ ዘርግፎልህ ወላጁ ሲያፍር ታያለህ። አሁን ለፋሲካ ወረቀቱ ተበትኗል፣ ግማሹ ገና አልተመለሰም፣ ከተመለሱትም አንዱ አባት "ልጁን ማን ይወስዳል" የሚለው ላይ "ማንም ዘመድ" ብሎ ሞልቶ ልኮልኛል፣ ነገ ልደውልለት ነው።