ከእርግዝና በፊት ስለ ቫይታሚን ኤ ማን በነገረኝ!

ልጅ ለመውለድ ስንወስን ፎሊክ አሲድ ጀመርኩ። ደም ተመረመርኩ። የጎደለኝን ክትባት ወሰድኩ። ይሄ ሁሉ ያለ ችግር አለቀ። አንጀቴን ያሳረረኝ የቆዳ መድኃኒቴ ነው።

ሶሪያሲስ አለብኝ። ለእሱ አሲትሬቲን የሚባል ካፕሱል እወስድ ነበር፤ ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ነው፣ ፅንስን ይጎዳል። የምታከምበት ክሊኒክ "ካቆምሽ ከአንድ ወር በኋላ ማርገዝ ትችያለሽ" አለኝ። ካርዴ ላይም ተጻፈ። አንድ ወር የሚባለው ግን ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ነው። የአሲትሬቲን 3 ዓመት ነው! ይህን የነገረኝ ሰው አይደለም፤ ካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠው ወረቀት ነው።

ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። ከካርድ ክፍል ወደ ነርሷ፣ ከነርሷ ወደ መድኃኒት ክፍል፣ ከዚያ ወደ ሐኪሙ አመላለሱኝ። ሐኪሙ ገረፍ አድርጎ አየውና "ኩባንያዎች ለጥንቃቄ ብለው ነው የሚጽፉት" አለኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አሲትሬቲን ራሱ ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። አልኮል ከተጠጣበት ግን ወደ ኤትሬቲኔት ይቀየራል። ኤትሬቲኔት ደግሞ ስብ ውስጥ ይደበቃል፤ ግማሹ እስኪወጣ ብቻ 120 ቀን ያህል ይፈጃል። መጠጥ እቀምስ እንደሆነ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይ ያለኝም የለም።

መድኃኒቱ ፅንሱን ለምን እንደሚጎዳ ያወቅኩት አንብቤ ነው። ከእናት ደም ወደ ፅንሱ የሚደርሰው ቫይታሚን ኤ በዋናነት ሬቲኖል የሚባለው ዓይነት ነው። ፅንሱ በሁለት እርከን ወደ ሬቲኖይክ አሲድ ይለውጠዋል፤ ያውም በተመረጠ ቦታና ሰዓት። አንዱ ጋ ኢንዛይም ይሠራዋል፣ ሌላው ጋ ሲፕ 26 የሚባሉት ኢንዛይሞች ያፈርሱታል። የኋለኛው አንጎል፣ ልብ፣ እጅና እግር የሚሆኑት ህዋሶች መንገዳቸውን የሚይዙት በዚህ አሲድ መብዛትና ማነስ ነው። መድኃኒቱ ይህን ሁሉ ቁጥጥር ዘሎ ነው የሚገባው። ዋናው አካል የሚሠራው ደግሞ እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስንቷ ሴት ያኔ ማርገዟን ታውቃለች?

ስለዚህ "እንዳረገዝሽ ሐኪም አማክሪ" የሚለው ምክር ለዚህ ጉዳይ ዘግይቷል ባይ ነኝ። ቀድመሽ ጠይቂ። "ችግር አለው?" አትበዪ፤ "ካቆምኩ በኋላ ስንት ጊዜ ልቆይ?" በዪ። መልሱን ከወረቀቱ ጋር አስተያዪ። ካልገጠመ ሌላ ሐኪም ፈልጊ። እኔ ሌላ ሐኪም አገኘሁ፣ 3ቱን ዓመት ከነወሊድ መከላከያዬ ጠበቅኩ፤ በዚህ እኮራለሁ።

መልቲቫይታሚን ስትገዢም ጀርባውን አንብቢ። ሬቲኖል ከሆነ በእርግዝና ወቅት ጣሪያው በቀን 3,000 ማይክሮግራም ነው፤ 10,000 ዩኒት ማለት ነው። ጉበት በየቀኑ መብላትም ከዚህ ሊያሳልፍ ይችላል። ቤታ ካሮቲን የሚባለውን ከአትክልት የሚገኝ የቫይታሚን ኤ መነሻ ግን ሰውነት በሚፈልገው ልክ ነው ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው።

ፈርተው ቫይታሚን ኤን ጨርሶ የሚተዉ ሴቶችም አሉ። በዚህ አልስማማም። የእንስሳት ተመራማሪው ፍሬድ ሄል በ1933 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፈው፣ ቫይታሚን ኤ የተነፈገች አሳማ የወለደቻቸው ግልገሎች የዓይን ኳስ አልነበራቸውም። ነፍሰ ጡር በቀን 770 ማይክሮግራም ያህል ያስፈልጋታል። እኔ ቤታ ካሮቲን ያለበትን መርጬ እየወሰድኩ ነው።